ከፎርማት በፊት አንድምታ

በኛ አገር የኮምፒውተር ሕመሙ ብዙ ቢሆንም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ዘገየ? ፎርማት። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። ስክሪኑ ጠቆረ? እሱማ ፎርማት። ራሱን ላመመው ሰው ሁሉ "ጭንቅላቱ ይቀየር" የሚል ሐኪም ቢመጣብን አገር ይያዝልን እንል ነበር። ኮምፒውተራችንን እንዲህ ያከመልንን ልጅ ግን ከፍለን፣ አመስግነን እንወጣለን።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የመጣሁት የጥገና ልጆችን ልወቅስ አይደለም። እነሱ ባይኖሩ ቢቸናንና ሞጣን በመሰሉ ከተሞች ያለው ኮምፒውተር ስንቱ አቧራ ጠጥቶ ይቀር ነበር። የኔ ጠብ ካልተጻፈው ወረቀት ጋር ነው። ልጁ ፎርማት የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሌላ መንገድ እንዳለ በሚገባው ቋንቋ የነገረው ስለሌለ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይሻላል። ቢቸና ውስጥ የማውቃቸው አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት አሉ። ቫይረስ ሲያሰለቻቸው አንድ ወጣት ኡቡንቱ ጫነላቸውና ሁለት ዓመት በሰላም ሠሩበት። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አመል አወጣ። ያለውን ፎቶ ያሳያል፣ አዲስ ግን አላስቀምጥም አለ። አጥፍተው ሲያስነሱት ጭራሽ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። የጫነላቸው ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል። ሌላ ተጠራ።

"ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም።"

"ፎቶዎቹስ?"

"ፎቶዎቹማ እንግዲህ..."

"እሺ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ።"

የሁለት ዓመት ሠርግ፣ ክርስትናና ምረቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሄደ። ከወራት በኋላ አንዲት እናት የሞተባቸውን ልጅ ፎቶ ሊያሳድጉ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሠርግ ያለፈበት ሰው ያዝናል፣ ይረሳል። እኚህ እናት ግን የሚተካ ፎቶ አልነበራቸውም።

የሚያናድደኝ፣ ያ ኮምፒውተር ያሳየው ምልክት የመሞት ምልክት ላይሆን መቻሉ ነው። ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነም ተጽፏል። የተጻፈው ደግሞ እዚያው ፎርማት የተደረገው ሊኑክስ ይዞት በሚመጣው እውቀት ውስጥ ነው።

አስኳሉና ደብተሩ

ከርነል የሚባለው የኮምፒውተሩ ስርዓት አስኳል ነው። ዲስኩን፣ ሚሞሪውን፣ ኪቦርዱን፣ ዋይፋዩን ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። የሊኑክስን ከርነል ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው። "እኔ ሊኑክስ አልጠቀምም" የምትሉ ካላችሁ ኪሳችሁን ፈትሹ። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ የቆመው በዚሁ ከርነል ላይ ነው።

የከርነሉ ኮድ ብቻውን አይመጣም። አብሮት "ዶክዩሜንቴሽን" የሚባል ትልቅ አቃፊ አለ። ኮዱ ሲሻሻል እሱም እዚያው አብሮ እንዲሻሻል ነው አብረው የተቀመጡት። እንዲያውም አንድ ሰው አዲስ የማስነሻ ትእዛዝ ፈጥሮ ከርነሉ ውስጥ ላስገባ ቢል፣ ከመላኩ በፊት እንዲያሟላ ከሚጠየቀው ዝርዝር አንዱ ትእዛዙን በሰነዱ ላይ መጻፉ ነው። ሠርተህ ካልጻፍክ ሥራህ ጎደሎ ነው እንደ ማለት ነው።

ይህ ሲባል ሰነዱ ፍጹም ነው ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት እዚህም እዚያም የተበታተነ ነበር። በአንድ ወጥ መልክ መሰብሰብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ሥራውን የሚመራው ጆናታን ኮርቤት ነው። ያረጀ ገጽም አይጠፋውም። ቢሆንም አለ። የኛስ የት አለ?

ሦስት ነገሮች

ከዚያ ሁሉ ሰነድ ለቢቸናው ፎቶ ቤት የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው የማከማቻው ነገር ነው። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል አደራጅ ከመሥራቱ በፊት "ይህን ልሠራ ነው" ብሎ ማስታወሻ ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማስታወሻውን አይቶ የጀመረውን ያስተካክላል። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሥራ ሊጠፋ ይችላል፤ የሁለት ዓመቱ ግን መብራት ስለጠፋ ብቻ ይጠፋል ማለት አይደለም። ከባድ ስህተት ካገኘ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ አለው፤ ብዙ የኡቡንቱ እትሞች ሲጫኑ የሚያስገቡት ትእዛዝ ነው። ራሱን "ለንባብ ብቻ" ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም። ባለፎቶ ቤቱ "አልቀበልም አለ" ያሉት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ደግሞ እልህ አይደለም፤ ያለው እንዳይበላሽ በሩን መዝጋቱ ነው። በዚያን ሰዓት የሚደረገው ከፍላሽ ላይ ኡቡንቱን አስነስቶ፣ ዲስኩን ሳይነኩ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ መገልበጥ፣ ቀጥሎ መጠገን፤ ፎርማት የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

ሁለተኛው የማስነሻ አማራጮች ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ለከርነሉ የሚሰጡ አጫጭር ትእዛዞች አሉ፤ ዝርዝራቸው በሰነዱ ላይ በሺዎች የሚቆጠር መስመር ይወስዳል። ስክሪኑ ከጅምሩ ጠቆረ? "ኖሞድሴት" የምትባል አንዲት ቃል አለች፤ ከርነሉ የግራፊክስ ካርዱን በራሱ መንገድ እንዳያዝዝ ትከለክለዋለች። በስንቱ ላፕቶፕ ላይ ችግሩ በሷ ይፈታል! አንድ ቃል መጻፍና ሙሉ ዲስክ ማጥፋት ምንና ምን ናቸው?

ሦስተኛው ሞጁል ነው። ከመርካቶ በርካሽ የተገዛች የዋይፋይ ፍላሽ አለች እንበል። ከርነሉ አያውቃትም፤ የሷን ሞጁል ለብቻ መሥራት ያስፈልጋል። አንዱ ተጨንቆ ሠራው፣ ዋይፋዩ መጣ፣ እልል ተባለ። በወሩ ከርነሉ ሲታደስ ዋይፋዩ ተመልሶ ጠፋ። "ሊኑክስ አይረባም" ይባልና ፎርማት! ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሞጁል የሚሠራው ለአንድ የከርነል እትም ነው፤ እትሙ ሲቀየር እንደገና መሠራት አለበት። ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ጥያቄ ግሬግ ክሮ-ሃርትማን የጻፈው ማብራሪያ እዚያው ሰነዱ ውስጥ አለ። ይህን በየጊዜው በራሱ የሚሠራ "ዲኬኤምኤስ" የሚባል መሣሪያም ከተፈጠረ ቆይቷል። ያላወቀ ግን በየወሩ ያለቅሳል።

ኔትወርክ ሲጠፋ

"ይሄ ሁሉ ጉግል ላይ አለ" የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ "ኤአይ ጠይቂ" የሚልም ተጨምሯል። እሺ፤ ኔትወርክ ሲኖር ይጠየቅ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ግን አንርሳ። በዚያን ጊዜ ቢቸና ላይ ኮምፒውተር አልነሳ ያለው ሰው ማንን ይጠይቅ? መንገዱም በሚዘጋበት ቀን ባሕር ዳር ወስዶ አያሳየው።

ከኮዱ ጋር አብሮ የሚመጣ ሰነድ ጥቅሙ ያኔ ነው የሚታየው። በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ የከርነሉን ሰነድ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም አንድ ጊዜ መጫን ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ሞጁሎቹም ራሳቸው አፍ አላቸው። "ሞድኢንፎ" የሚባለውን ትእዛዝ ሲሰጧቸው ማን እንደሠራቸው፣ ምን ምን እንደሚታዘዙ ይናገራሉ። ሁሉም ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ጊዜውም እየገፋን ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የቆዩ ማሽኖችን አይቀበልም። በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየፎቶ ቤቱ ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ወይ ያለ ጥበቃ ይቀጥላሉ፣ ወይ ይጣላሉ፣ ወይ ሊኑክስ ይጫንባቸዋል። ሦስተኛው ነጻ ነው፣ ያዋጣል። ጭኖላቸው አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ ብቻ ካለን ግን የቢቸናው ታሪክ በየከተማው ይደገማል።

ለዚህ የሚሆን ወግ አለን

የከርነሉ ሰነድ በከፊል ወደ ጣልያንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ስፓኒሽና ቻይንኛ ተተርጉሟል፤ ትርጉሞቹ እዚያው ከኮዱ ጋር ይኖራሉ። አማርኛ የለበትም። ከዚህ ቀደም ሥራ አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታ ወደ አማርኛ ለመመለስ ደክሟል። "ክፈት"፣ "ዝጋ" የሚሉ ቁልፎች በአማርኛ አየን። ቁልፉ ተተረጎመ፤ ቤቱ ሲቃጠል የሚነበበው ወረቀት ግን አልተተረጎመም።

"አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም" ለሚሉ መልሱ ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ የሚያውቃት ዲማ ጊዮርጊስ እዚያው ጎረቤት ናት። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ችግር ከፈቱት ስንት ዘመናቸው! መጻሕፍቱ በግእዝ ናቸው፣ ተማሪው የሚያስበው በአማርኛ ነው። ምን አደረጉ? ግእዙን አልነኩትም። ንባቡን እንዳለ ትተው ትርጓሜውን በአማርኛ ሰጡ፤ አንዱ ፍቺ ሲያንስ "አንድም" ብለው ሌላ ጨመሩ። ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ የኖረው አንድምታ ኋላ በጽሑፍ ሰፍሮ ታተመ። በመምህሩ ቃል ብቻ ቢቀር ኖሮ ስንቱ ከመምህሩ ጋር በተቀበረ ነበር።

የጥገና ልጆቻችን እውቀት ዛሬ ያለው በቃል ዘመኑ ላይ ነው። ስለዚህ ከርነሉንም እንዲሁ እናድርገው እላለሁ። ትእዛዙን አንተርጉም፤ ትርጓሜ እንጻፍለት። ለሙከራ ያህል ይቺን እዩልኝ፦

ንባብ፦ ኳየት።

ትርጓሜ፦ ዝም በል ማለት ነው። ከርነሉ ሲነሳ የሚናገረውን አብዛኛውን እንዲውጠው ያዘዋል።

አንድም፦ ሲሰናከል የት ላይ እንደተሰናከለ ይጋርድብናል። ማሽኑ መሐል መንገድ ላይ ከቆመ ይህችን ቃል ሰርዘህ አስነሳው፤ የመጨረሻውን መስመር አንብብ።

ሐተታ፦ ሲነሳ በሚመጣው የግራብ ዝርዝር ላይ የእንግሊዝኛዋን "ኢ" ፊደል ተጫን። ዝርዝሩ ካልታየ በቆዩት ማሽኖች ሺፍትን፣ በአዳዲሶቹ ኢስኬፕን ሞክር። "ሊኑክስ" ብሎ ከሚጀምረው መስመር ላይ ቃሏን አጥፋ፤ ኤፍ10 ተጫን። ለውጡ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ሲነሳ እንደነበረው ይሆናል። ስለዚህ አትፍራ።

ከባድ ነው? አሥራ አምስት እንዲህ ያሉ አንቀጾች በሦስት ገጽ ወረቀት ያልቃሉ። አንዱ ገጽ ስለ ዲስክ፣ አንዱ ስለ ማስነሻ፣ አንዱ ስለ ሞጁል። በየጥገና ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ በፍላሽ ይዞራሉ፣ ኔትወርክ ሲኖር በቴሌግራም ይላካሉ። ቀንና የከርነሉ እትም ይጻፍባቸው፤ ነገ ሲያረጁ የሚያድሳቸው እንዲያውቅ።

ይህን የሚሠራው ማነው? በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች አሉን። የመመረቂያ ሥራ ሲደርስ ሌላ "የተማሪዎች መመዝገቢያ ሲስተም" ሠርቶ መደርደሪያ ላይ ከመተው፣ አንድ ቡድን እነዚህን ሦስት ገጾች በቢቸናና በሞጣ ጥገና ቤቶች ላይ ፈትኖ ቢያወጣ ምን አለበት? የጥገና ልጆችም አንድ ደብተር ይግዙ። እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚነገረን ምን፣ መቼ፣ የት፣ ማን፣ ለምን የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው። የተበላሸ ኮምፒውተርም ዜና ነው። ምን አለ? መቼ ጀመረው? የትኛው ማሽን ነው? ምን ተደረገለት? ለምን ዳነ? አምስት መስመር ይበቃል። አዲስ አበባ የገባው ልጅ ያን ደብተር ትቶ ቢሄድ ኖሮ ተከታዩ ባዶ እጁን ባልመጣ ነበር።

እስከዚያው እናንተ ደንበኞቹ አንዲት ጥያቄ ልመዱ። ልጁ "ፎርማት ካልተደረገ" ሲላችሁ "አንተ ታውቃለህ" አትበሉት። "መጀመሪያ ገልብጥልኝ" በሉት። አልችልም ካለ ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ውጡ፤ ያልተነካ ዲስክ የሚችል ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

ቸር እንሰንብት።