ስንት ሰው ሲሞት ነው ዜብራ የሚቀባው?

እንግሊዝ አገር ነው የምንኖረው ስንል ሰው ሁሉ ለንደን ይመስለዋል። አይደለም። እኛ ያለነው ከለንደን በባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ በሚያስኬድ፣ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ፐብና አንድ የቱርክ ከባብ ቤት ባላት ትንሽ ከተማ ነው። አገር ቤት ያሉ ወዳጆቻችን ስለዚህች ከተማ መንገድ ስናማርር አያምኑንም። «እዚያ እኮ መኪናው ለሰው ይቆማል!» ይሉናል። ይቆማል፤ መሻገሪያ ካለ። የእኛ ጠብ መሻገሪያ ስለሌለበት ቦታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው መንገድ ከተማዋን ለሁለት ይሰነጥቃታል። በወዲህ በኩል እኛ ተከራዮቹ አለን። በወዲያ በኩል ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ባቡር ጣቢያው አሉ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ማይል (48 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው ይላል ምልክቱ። ሹፌሩ ግን 60 ማይል ከተፈቀደበት የገጠር መንገድ ላይ እየበረረ ስለሚመጣ ምልክቱን የሚያስታውሰው ከተማዋን ካጋመሰ በኋላ ነው። የእግረኛው መንገድ አንድ ቦታ ላይ በጣም ይጠባል። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትና ከፊቷ የሚመጣ ሰው ከተገናኙ አንዳቸው አስፋልቱ ላይ መውረድ አለባቸው። የጭነት መኪናው መስታወት ደግሞ በጆሯችን አጠገብ ሽው ብሎ ያልፋል።

አሁን በእኛ በኩል ባለው እርሻ ላይ 240 ቤቶች ሊሠሩ ነው። ስብሰባው ላይ ተገኝተን ነበር። ለነዋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሦስቱንም ተናገርናቸው። ከዚያ የመንገዱ ጉዳይ የሚመለከታቸው ባለሙያ ወረቀታቸውን ገልጠው፣ ባለፉት አምስት ዓመታት በቦታው የተመዘገበ ከባድ አደጋ የለም፣ ስለዚህ መንገዱ የደኅንነት ችግር አለበት ለማለት አይቻልም አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ታዲያ ስንት ሰው ሲሞት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ቤቱ ጸደቀ።

ይህ ጽሑፍ ለእኚያ አሮጊት ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። መልሱን አግኝተነዋል፤ ያገኘነው ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ቦታ ላይ እንደሚቆጥር አይተን ነው።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

እዚህ አገር የአደጋ መዝገብ የሚይዘው ፖሊስ ነው። መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ሰው የተጎዳበት ግጭት ብቻ ነው። መኪናው ጫማህን ታክኮ ቢያልፍ አይመዘገብም። እናት ልጇን በኮቱ ጨምድዳ ወደኋላ ብትጎትተው አይመዘገብም። መስታወት ከመስታወት ቢጋጭ፣ አጥር ቢፈርስ፣ ውሻ ቢገጭ አይመዘገብም። ስለዚህ «የተመዘገበ አደጋ የለም» ማለት «አደጋ የለም» ማለት አይደለም። «እስካሁን ተርፋችኋል» ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ ቀመሩ ነው። በዚህ አገር ለአንድ ቦታ የእግረኛ መሻገሪያ ይገባል አይገባም የሚባለው ለብዙ ዓመታት በአንዲት ስሌት ነበር። በሰዓት የሚሻገሩትን እግረኞች ቁጠር። በሰዓት የሚያልፉትን መኪኖች ቁጠርና ቁጥሩን በራሱ አባዛው። ሁለቱን አባዛ። ውጤቱ 100 ሚሊዮን ከደረሰ መሻገሪያ ይገባሃል። ማዕከላዊው መንግሥት በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ ከዚህች ቀመር ቢርቅም፣ ብዙ የአካባቢ ምክር ቤቶች እየጠጋገኑ ይዘዋት ቆይተዋል።

እስቲ እናስላት። በአንድ መንገድ ላይ በሰዓት 800 መኪና ያልፋል እንበል። 800 በ800 ሲባዛ 640 ሺህ ነው። 100 ሚሊዮን ለመድረስ በሰዓት ወደ 156 እግረኛ መሻገር አለበት። ያለመሻገሪያ! ትንሽ ከተማ ውስጥ በሰዓት 156 ሰው በ800 መኪና መሀል ነፍሱን አስይዞ ካልተሻገረ፣ መሻገሪያ የሚያስፈልገው ሰው የለም ማለት ነው። ወንዝ ላይ ድልድይ ለመሥራት ስንት ሰው እየዋኘ እንደሚሻገር እንደመቁጠር ነው።

አሁን አንዲት እህታችንን እንይ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ትምህርት ቤቱ ከቤቷ 400 ሜትር ቢርቅ ነው። ልጁ ብቻውን መሄድ ይፈልጋል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነዋ! እሷ ግን መንገዱን ታውቀዋለች። ስለዚህ ተበድራ አሮጌ መኪና ገዛች፤ በየጠዋቱ ልጁን 400 ሜትር ትነዳዋለች። በስሌቷ ቋንቋ ከእግረኛው ቁጥር ላይ ተቀንሳ በመኪናው ቁጥር ላይ ተደመረች። ከላይ ባየነው 800 መኪና መሀል የሚሻገሩት 22 ሰዎች ቢሆኑና አንዷ መኪና ብትገዛ፣ ውጤቱ ከ14 ሚሊዮን በላይ የነበረው ወደ 13 ሚሊዮን ተኩል ይወርዳል። አያችሁት? መንገዱ ይበልጥ ሲያስፈራ፣ መሻገሪያ የማግኘት ዕድላችን ይበልጥ ይቀንሳል። ፍርሃታችን የደኅንነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብናል።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሜየር ሂልማንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1990 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ የ7 እና የ8 ዓመት ልጆችን ተመልክተው ነበር። በ1971 ከመቶ 80ው ያለ አዋቂ ብቻቸውን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ1990 ግን ከመቶ 9 ብቻ! በእነዚያ ዓመታት በመንገድ ላይ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ቀንሷል፤ ባለሥልጣናቱም መንገዱ ደኅና ሆነ ብለው ተደሰቱ። የእነ ሂልማን መልስ፣ መንገዱ አልተሻሻለም፣ ልጆቹ ናቸው ከመንገዱ ላይ የተነሡት የሚል ነበር። ነብር ያለበት ጫካ ሰው ስላልገባበት ሰላማዊ ጫካ አይባልም።

ማን ነው ተጠያቂው?

የሚገርመው፣ የምንከሰው ሰው ፈልገን አጣን። ቤት እንዲሠራ የሚፈቅደው የወረዳው ምክር ቤት ነው። መንገዱ ግን የእርሱ አይደለም፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ነው። የከተማችን ምክር ቤት ደግሞ አስተያየት ከመስጠት በቀር ሥልጣን የለውም። ወረዳው «የመንገዱ ባለቤት አልተቃወመም» ይላል። የመንገዱ ባለቤት «ፈቃድ የምሰጠው እኔ አይደለሁም» ይላል። ከተማችን «ተቃውመን ጽፈናል» ትላለች። መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ይህን የሁለት እርከን አሠራር ወደ አንድ ለመጠቅለል ማቀዱን አስታውቋል። እሰየው! ልጁ ግን የሚሻገረው ነገ ጠዋት ነው።

ሕጉም አያግዝም። የ2012ቱ ብሔራዊ የፕላን መመሪያ፣ ኋላ ከተደረጉለት ማሻሻያዎች ጋር፣ ፈቃድ በመንገድ ምክንያት የሚከለከለው በደኅንነት ላይ ተቀባይነት የሌለው ጉዳት ካስከተለ ወይም በትራፊኩ ላይ የሚያሳድረው ጫና «ከባድ» ከሆነ ብቻ ነው ይላል። ወረዳው ቢከለክል ኩባንያው ይግባኝ ይላል። ወረዳው ያለ በቂ ምክንያት ከልክሎ ከተገኘ የኩባንያውን የይግባኝ ወጪ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ የምክር ቤቱ አባላት እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት የሚያስቡት ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ካዝናው ነው።

ከእነዚያም ወገን አይደለንም

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ከእኛ ጋር አዳራሹን የሞሉት ሰዎች ሁሉ ወዳጆቻችን አይደሉም። «ለልጆቻችን ደኅንነት» የሚል ሰሌዳ ይዘው ከመጡት መሀል፣ ባለፈው ዓመት የፍጥነት ወሰኑ ወደ 20 ማይል ይውረድ ሲባል «መንገዱ ሊዘጋ ነው» ብለው የጮኹ ነበሩበት። በየደጃቸው ሁለት ሁለት መኪና የቆመ፣ ቤታቸውን በርካሽ ዘመን የገዙ ሰዎች ናቸው። የሚያስጨንቃቸው መኪናው አይደለም፤ ቤቱ ነው። ቤቱም አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

እኛ ተከራዮች ነን። ከደመወዛችን ግማሹ በወሩ መጀመሪያ ቀን ወደ አከራያችን ይሄዳል። ቤት ይሠራ! በሐምሌ 2024 ሥልጣን የያዘው መንግሥት በዚህ የፓርላማ ዘመን 1.5 ሚሊዮን ቤት አስገነባለሁ ሲል አጨብጭበናል። የልጆችን ሕይወት ለሰፈር መዝጊያ መቆለፊያ የሚያደርግ ሰው ከእኛ ጋር እንዳይቆም። እኛ የምንለው ቤቱ ይቅር አይደለም። ሰው ከመግባቱ በፊት መሻገሪያው ይቅደም ነው።

ይህ ደግሞ አዲስ ሕግ አይፈልግም። የዚህ አገር የፕላን ሕግ «የግራምፒያን ቅድመ ሁኔታ» የሚሉት ነገር አለው፤ ስሙን ያገኘው በ1984 የጌቶች ምክር ቤት ከወሰነው የስኮትላንድ ክርክር ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ከግንባታው ቦታ ውጭ ያለው አስፈላጊ ሥራ ሳያልቅ ቤቱ ውስጥ ሰው አይገባም ብሎ ማሰር ይቻላል። በእኛ ከተማ ይህ መሣሪያ ነበረ። ምን ተብሎ ጸደቀ መሰላችሁ? መሻገሪያው የሚሠራው ሰው 100ኛው ቤት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው ተባለ። 99 ቤተሰብ እንደምንም ይሻገር! ኩባንያው 99 ቤት ሸጦ ገበያው ቀዝቅዟል ብሎ ቢያቆምስ? ለዚህ መልስ የሰጠን የለም።

ጅብ ከሄደ

ገንዘብ የለም ይሉናል። ዜብራ ከነመብራቱ በአስር ሺዎች ፓውንድ የሚቆጠር ወጪ አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን የራሱ የመንግሥት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አንድ የመንገድ ሞትን ማስቀረት ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዋጋ እንዳለው ያሰላል። ሂሳቡን እነርሱው ሠሩት፤ እኛ የምንለው በሠሩት ሂሳብ ይገዙ ነው።

አይቻልም ይሉናል። ይህ አገር ከ1930 እስከ 1935 ለግል መኪኖች ምንም የፍጥነት ወሰን አልነበረውም። በ1934 ብቻ 7,343 ሰው በመንገድ ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት የትራንስፖርት ሚኒስትር የሆነው ሌስሊ ሆር ቤሊሻ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን የመሻገሪያ ፋኖስ አስተከለ። በ1935 በከተማ የ30 ማይል ወሰን መጣ። በ1951 ዜብራው ተቀባ። የዛሬው የታላቋ ብሪታንያ የመንገድ ሞት፣ መኪናው በስንት እጥፍ በዝቶ፣ በዓመት 1,600 ገደማ ነው። ጎረቤታችን ዌልስ በመስከረም 2023 በመኖሪያ አካባቢ የሚያልፉ መንገዶችን መደበኛ ወሰን ከ30 ወደ 20 ማይል አወረደች። ከ460 ሺህ በላይ ሰው ተቃውሞ ፈረመ። ይሁንና በእነዚያ መንገዶች ላይ የተጎጂው ቁጥር ቀነሰ። ታዲያ የማይቻለው የትኛው ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ቤት ቁልፍ ሳይሰጥ መሻገሪያው ይሠራ። ሁለተኛ፣ ከተማዋ መግቢያ ላይ ወሰኑ 20 ይሁን፤ በምልክት ብቻ ሳይሆን መንገዱን በማጥበብና ጉብታ በመሥራት። ሦስተኛ፣ ቆጣሪው ሲመጣ የሚሻገረውን ብቻ አይቁጠር። በየቤቱ እያንኳኳ «ልጅሽ ብቻውን ይሻገራል? ለምን አይሻገርም?» ብሎ ይጠይቅ። ያልተሻገረው ይቆጠር!

አገር ቤት ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ይህን የጻፍነው «እዚያም ያው ነው» ብላችሁ እንድትጽናኑ አይደለም። የሠለጠነ የሚባለው አገርም መሻገሪያ የሚያገኘው ጠብ ካለ ብቻ መሆኑን እንድታውቁት ነው። ያለዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። መጀመሪያ የታሰረ አበባ፣ ቀጥሎ ፎቶግራፍ፣ ቀጥሎ የምክር ቤት አባላት ኀዘን፣ ከስድስት ወር በኋላ ዜብራ። በየትንንሹ የእንግሊዝ ከተማ ምሰሶ ላይ ታስሮ የደረቀ አበባ ስታዩ፣ አጠገቡ አዲስ ቀለም መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

የእህታችን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት 10 ዓመቱ ነው። ትናንት መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ «መቼ ነው በእግሬ የምሄደው?» ብሎ ጠየቃት። «100ኛው ቤት ውስጥ ሰው ሊገባ ሲል» አለችው። የቀለደች መስሎት ሳቀ።