አሽዶድ ወይስ አሽኬሎን? ከከተማው በፊት ሕንፃው ይታይ

ከቴል አቪቭ ወደ ደቡብ በባሕሩ ዳር ሲወረድ መጀመሪያ አሽዶድ ይገኛል፤ ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብሎ አሽኬሎን። መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ አዛጦንና አስቀሎና በሚል ስም ያውቃቸዋል። በእስራኤል ከሚኖሩት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አይሁድ መካከል ብዙ ቤተሰቦች ኑሯቸውን በእነዚህ በሁለቱ መሥርተዋል። ስለዚህ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ወጣት ባልና ሚስት፣ አንደኛው ወገን አሽዶድ ሌላው አሽኬሎን እያለ ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ነው። ክርክሩ በዋጋ ይጀመርና በዋጋ ይዘጋል። አሽኬሎን ረከስ ስለሚል ብዙ ጊዜ የሚረታው እሱ ነው።

የዋጋው ጉልበት የሚናቅ አይደለም። በእስራኤል ማዕከላዊ ባንክ መመሪያ መሠረት የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው በማሽካንታ፣ ማለትም በቤት ብድር፣ ሊያገኝ የሚችለው ቢበዛ ከዋጋው 75 በመቶውን ነው። ሩቡን ከራሱ ያወጣል። ሁለት ቤቶች በ300 ሺህ ሼቅል ቢበላለጡ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ በ75 ሺህ ይለያያል ማለት ነው። በፋብሪካና በጽዳት ሥራ ልጆች ያሳደጉ ወላጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ የዓመታት ቁጠባ ነው።

ሆኖም ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለ። አሽኬሎን ከቴል አቪቭ ይርቃል፤ ለጋዛ ግን ቅርብ ነው፤ ከድንበሩ ያለው ርቀት ከአሥር ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሮኬት ተተኩሶ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲሰማ የአሽኬሎን ነዋሪ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው፤ የአሽዶድ ነዋሪ 45። ለጎልማሳ 15 ሰከንድ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ጉልበታቸው ለደከመ አያት ግን ከአልጋ ተነሥቶ በሩ ጋ በመድረስና ባለመድረስ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው።

ታዲያ ሁሉም አሽዶድ ይግዛ ማለት ነው? አይደለም። ከከተማው ስም ይልቅ ሕንፃው የተሠራበት ዘመን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የኢራቅ ሚሳይሎች እስራኤል ላይ ከወደቁ በኋላ፣ በአዲስ አፓርታማ ሁሉ ውስጥ ማማድ የሚባል በጠንካራ ኮንክሪት የታጠረ ክፍል እንዲሠራ ተደነገገ። ማማድ ባለው ቤት 30 ሰከንድ ይበቃል። በቀደሙት አሥርት ዓመታት በተሠራ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ግን 45ም አይበቃም። በአሽኬሎን አጋሚም በተባለው አዲስ ሰፈር ማማድ ያለው ቤት፣ በአሽዶድ አሮጌ ሰፈር ማማድ ከሌለው ቤት ይሻላል። ይህን ለማለት ማመንታት አያስፈልግም።

ችግሩ የዋጋው ርካሽነትና የሕንፃው እርጅና የሚመጋገቡ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ታማ 38 የተባለ ብሔራዊ ዕቅድ፣ ተቋራጮች አሮጌ ሕንፃዎችን ለመሬት መንቀጥቀጥ እንዲያጠናክሩና ማማድ እንዲጨምሩ፣ በምላሹም ተጨማሪ ቤቶች ሠርተው እንዲሸጡ ፈቀደ። ቤት በተወደደበት በቴል አቪቭ አካባቢ ተቋራጩ ወጪውን ሸፍኖ ያተርፋል። ቤት በረከሰበት ከተማ ግን ሂሳቡ ስለማያዋጣው አይመጣም። ዋጋው ዝቅ ያለበት ሰፈር ሳይታደስ ይቀራል፤ ሳይታደስ በመቅረቱም ዋጋው ዝቅ እንዳለ ይኖራል። በርካሽ የገዛው ቤተሰብም እዚያው ተይዞ ይቀራል።

ማኅበረሰቡ ይህን ከዚህ በፊት አይቶታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች አንድ ቀን ተኩል ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፤ ብዙዎቹም ካራቫን በሚባሉ ተንቀሳቃሽ ቤቶች መንደሮች ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 መንግሥት ከካራቫኑ እንዲወጡ ልዩ ማሽካንታ ሰጠ፤ ትልቁ ክፍል የማይመለስ እርዳታ ነበር። ሐሳቡ ቤተሰቦቹ በአገሪቱ መሃል ባሉ ጠንካራ ከተሞች ተበትነው እንዲኖሩ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የደረሰው አሮጌ ሕንፃዎች በበዙባቸው ሰፈሮች ላሉ ቤቶች ነውና፣ በየከተማው ብዙዎቹ እዚያው ተሰበሰቡ።

መሰብሰቡ ግን ከድህነት ብቻ የመጣ አይደለም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ሕዝብ ልቅሶ የሚደርሰው፣ ሰርግ የሚያግዘው፣ ልጅ የሚጠብቀው ቅርብ ሲሆን ነው። ዕብራይስጥ ላልለመዱ እናት፣ ደረጃው ላይ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሰላም የሚላቸው ሰው መኖሩ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ይህን በሼቅል ተምኖ መናቅ ስሕተት ነው። ደግነቱ ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው አጭር መንገድ ነው፤ ዘመድ ለመጠየቅ ጎረቤት ሕንፃ ውስጥ መግዛት ግድ አይደለም።

ሌላው ልዩነት እየጠበበ ነው። አሽዶድ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ትልቅ ወደብ ስላለው ሥራ ይበዛበታል፤ ሆስፒታል ግን አልነበረውምና ሕመምተኞቹ ወደ አሽኬሎኑ ባርዚላይ ወይም ወደ ሬሖቮት ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አሱታ የተባለው ሆስፒታል በአሽዶድ ሲከፈት ያ ቀረ። ባቡርም ሁለቱም ጋ ይደርሳል። በየቀኑ ቴል አቪቭ ለሚመላለስ ሠራተኛ ግን የአሽዶዱ መንገድ ማጠሩ በወር ውስጥ ብዙ ሰዓት ያተርፍለታል።

ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕንፃው የተሠራበትን ዓመት ይሁን። ማማድ አለ ከተባለ የብረት መስኮቱና በሩ በደንብ ይዘጉ እንደሆነ በእጁ ይሞክር። የጋራ መጠለያ ብቻ ካለ፣ ክፍት ነው ወይስ የጎረቤት ዕቃ ሞልቶበታል? ደረጃው ስንት ነው? አያት ይወርዱታል? ተቋራጭ በማያተርፍባቸው ሰፈሮች ያሉትን አሮጌ ሕንፃዎች ማደስ ደግሞ የመንግሥት ዕዳ ነው። በ1993 እርዳታ ሰጥቶ ቤተሰቦቹን ቤት ያስገዛ መንግሥት፣ ለእነዚያው ቤቶች ማማድ የሚሠራበትን ገንዘብም ሊመድብ ይገባል።