ተጠንቶ ያልተነገረው ሕዝብ

ናዝሬት ተወልዶ ያደገ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ከስሙ ቀድሞ ጥርሱ ይታያል። «የናዝሬት ልጅ ነህ አይደል?» ይባላል፤ ይሳቃል፤ ይታለፋል። የተጠየቀው ሰው ግን አብሮ እየሳቀ ከንፈሩን ይገጥማል። ፎቶ ሲነሳ አፉን የሚዘጋ፣ ስትስቅ በእጇ የምትከልል ወጣት በአዳማ፣ በወንጂና በባቱ (ዝዋይ) ዙሪያ ብርቅ አይደለም።

ከዚህ ቀልድ ጀርባ የግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይንስ አለ። የስምጥ ሸለቆ ሰው ውሃው ተለክቷል፣ ጥርሱ ተቆጥሯል፣ አጥንቱ በራጅ ታይቷል፣ ሽንቱ ላቦራቶሪ ገብቷል። ጥናቶቹ በእንግሊዝኛ ታትመው ዓለምን ዞረዋል። የወንጂ እናት ግን ዛሬም «ውሃውን ባፈላው ይሻላል?» ብላ ስትጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጣት አታገኝም። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጎደለው ምርምር አይደለም፤ የጎደለው የምርምሩን ውጤት ለባለቤቱ መልሶ መንገር ነው።

በመጀመሪያ የሚታወቀውን እናስቀምጥ። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ፣ በተለይ ሲሞቅና ካልሲየሙ ሲያንስ፣ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሻላና አብያታ ሐይቆች በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ይይዛሉ፤ እርግጥ እነሱን የሚጠጣ የለም። በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ጣሪያውን አልፈው 5፣ 10፣ ከዚያም በላይ ይደርሳሉ።

ነገሩ ጎልቶ የወጣው በወንጂ ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ። ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ዓመታት አለፉ፤ ከዚያም አንገታቸውን ማዞር፣ ወገባቸውን ማጠፍ የተሳናቸው፣ ሲብስም እግራቸው የሰነፈ ሠራተኞች ታዩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩና ከተመረመሩ ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ የተጎዳ እንደነበር አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ጥናት በጥናት ላይ ተደርቧል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ወደ ሰው ቤት ሲገባ ምን መምሰል ነበረበት? ሰው በየቀኑ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች መመለስ ነበረበት። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ መልሳቸውም የታወቀ ነው።

«ውሃውን ማፍላት ይጠቅማል?» ተቅማጥ ለሚያመጣ ተህዋስ አዎ። ለፍሎራይድ ግን አይጠቅምም። እንዲያውም ውሃው ተኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር የቀረው ውሃ ይበልጥ ይከማችበታል። ውሃ አጋርን የመሰለ ክሎሪንም ተህዋስ ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። የተለመደው የቤት ማጣሪያም እንዲሁ። ብዙ ሰው «ውሃዬን አክሜዋለሁ» ብሎ ተማምኖ የሚጠጣው ይህን የሚነግረው ስለሌለ ነው።

«ጥርሱ የበለዘው ስለማይፋቅ ነው?» አይደለም። የጥርሱ ኢናሜል የሚበላሸው ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ፣ ማለትም ልጁ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ባለው ጊዜ ነው። የዘር አይደለም፤ አይተላለፍም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። በከሰል፣ በጨውና በሎሚ መፈተግ በለዙን አያስለቅቅም፤ ኢናሜሉን ግን ይበላል። ትልቅ ሰው ሆኖ ወደ ሸለቆው የመጣ ሰው ጥርሱ አይበልዝም፤ አጥንቱ ግን ከዓመታት በኋላ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው «እኔ ምንም አልሆንኩም» ማለት የማያዋጣው።

«የሚያጠባ ሕፃንስ?» ደስ የሚለው መልስ እዚህ ነው። እናት የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ቢሆን እንኳ ወደ ጡት ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት ሕፃኑን ከዚህም ይጠብቀዋል። አደጋው የሚጀምረው የዱቄት ወተቱ፣ ገንፎውና አጥሚቱ በጉድጓድ ውሃ ሲበጠበጥ ነው።

«ሌላ ውሃ ከየት ይመጣል?» ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያውን እንዲያጥብ ትቶ ቀጥሎ ያለውን በክዳን ባለው ዕቃ ቢያጠራቅም፣ አፍልቶ ለሕፃናቱ መጠጥና ምግብ ብቻ ቢያውለው፣ ለቤቱ ሁሉ ባይበቃም ለጥርሱ ገና ለሚሠራው ልጅ ይደርስለታል። ወተትና ሌላ ካልሲየም ያለው ምግብም ፍሎራይዱን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል። መድኃኒት አይደለም፤ እገዛ ነው።

እንዲህ ያለ መልስ በአንድ ገጽ ያልቃል። ያን ገጽ ለመጻፍ ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ጥያቄው ከጥርስና ከአጥንት አልፎ ወደ አእምሮ ደርሷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ጥናት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ለሆነ ፍሎራይድ መጋለጥ ከሕፃናት የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤት ማነስ ጋር እንደሚያያዝ «በመካከለኛ እርግጠኝነት» ገለጸ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2023 በቱሌን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በ74 ተማሪዎች ላይ ያካሄዱትን ጥናት አሳትመው ነበር። ልጆቹ ቤት፣ ሰውና አህያ እንዲሥሉ ተጠየቁ፤ በኮምፒውተር የማስታወስ ፈተናም ወሰዱ። የሚጠጡት ውሃ ፍሎራይዱ ከፍ ባለ መጠን የሥዕላቸው ውጤት ዝቅ፣ ስህተታቸውም በዛ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዞር ሁለት መልክ ይይዛል፤ አንዱ «የጥርስ ሳሙና ልጅ ያደነዝዛል» የሚል ሽብር፣ ሌላው «የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ንቀት። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያርመው ማስረዳት ነው። «ይያያዛል» ማለት «ያመጣል» ማለት አይደለም። ፍሎራይድ የበዛበት ቀበሌ ድህነቱም፣ የአዮዲን እጥረቱም፣ የትምህርት ቤቱ ሁኔታም ሊለይ ይችላል። 74 ልጅ ጥቂት ነው፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሙከራ ጥናት ብለውታል። የአሜሪካው ሪፖርትም ቢሆን እዚያ አገር በቧንቧ ውሃ ላይ ስለሚጨመረው 0.7 ሚሊግራም የሚደመድምበት በቂ መረጃ እንደሌለው ተናግሯል። ከ1.5 በላይ ያለው ግን ለአሜሪካ የሩቅ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለስምጥ ሸለቆ የዕለት ውሃ ነው። ስለዚህ ለአንድ አባት የሚነገረው ነገር ይህ ነው፦ ልጅህ ደንቆሮ ነው የሚል ጥናት የለም፤ የልጅህን ውሃ ለማስተካከል ግን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ሳሙናውን አትጣል፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ታህል አድርግለት፤ እንዳይውጠውም ተቆጣጠር።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «መፍትሔ ሳይያዝ መናገር ሕዝብ ማሸበር ነው» ይባላል። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም። ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት ሕፃናትን በቀናት ውስጥ ከሚገድል ተቅማጥ ለማዳን ነው፤ ሰው በፍሎራይድ ደንግጦ ወደ ድፍርስ ወንዝ ቢመለስ የባሰ ይመጣል። የማጣሪያ ቴክኖሎጂዎቹም ቀላል አይደሉም። በሕንድ ናልጎንዳ ስም የሚጠራው ዘዴ አልሙንና ኖራን በየቀኑ መዝኖ መጨመርን ይጠይቃል፤ የተቃጠለ የከብት አጥንት የሚጠቀመው ማጣሪያ ደግሞ አጥንቱ ሲጠግብ መለወጥ አለበት። ኬሚካል ሲያልቅ፣ ኦፕሬተሩ ሲለቅ ሥራው ይቆማል።

ግን ይኸው ክርክር ለመናገር እንጂ ለዝምታ አያገለግልም። ጉድጓዱን ተዉ የሚል የለም፤ ጉድጓዱ ለእጥበትና ለከብት፣ የተሻለው ውሃ ቅድሚያ ለሕፃናት ይሁን ማለት ለሚያውቅ ሰው የሚቻል፣ ለማያውቅ ሰው የማይቻል ነገር ነው። ማጣሪያም ቢሆን የሚቆመው ተጠቃሚው ለምን እንደተተከለ ሳይገባው ሲቀር ነው። የሚጣፍጥና የጠራ ውሃ እያለው ለማጣሪያ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው የለም፤ ፍሎራይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። የማይታየውን ነገር የሚያሳየው ቃል ብቻ ነው።

ደግሞስ መንገሩ ቸርነት አይደለም፤ ግዴታ ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ፣ በጥናት የተሳተፈ ሰው ሁሉ አጠቃላይ ውጤቱን የማወቅ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። የስምምነት ቅጹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተነቦ ከተፈረመ፣ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ደም ሲወሰድ አስተርጓሚ ከተገኘ፣ መልስ ሲሰጥ አስተርጓሚ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

መሠራት ያለበት ነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንደኛ፣ በየቦኖውና በየጉድጓዱ ላይ የፍሎራይዱ ልክ በጉልህ ቀለም ይጻፍ፤ 1.5 የሚለው ጣሪያም ከጎኑ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በስምጥ ሸለቆ ለሚካሄድ ጥናት ፈቃድ የሚሰጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሁሉ ውጤቱ ለቀበሌውና ለትምህርት ቤቱ በቋንቋቸው የሚነገርበትን ቀን በዕቅዱ ውስጥ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያንን አንድ ገጽ መልስ ይያዙ፤ ቤት ለቤት የሚገቡት እነሱ ናቸው። አራተኛ፣ መቀመጫውን አዳማ ያደረገው ኦ.ቢ.ኤን. እና የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ በሳምንት አንድ ሰዓት ለአድማጭ ጥያቄ ቢመድቡ፣ ከብዙ ወርክሾፕ የበለጠ ይሠራሉ።

የአዳማ ከተማ ዛሬ የአዋሽን ውሃ አጣርታ ትጠጣለች፤ የከተማዋ ትንንሽ ልጆች ከአባቶቻቸው የተሻለ ጥርስ የማብቀል ዕድል አላቸው። ይህም ጉዳቱ ዕጣ ፈንታ እንዳልሆነ ያሳያል። ቧንቧው ያልደረሰበት ገጠር ግን እስኪደርሰው ድረስ የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ጥርሳቸው የሚሠራበት ስምንት ዓመት ብቻ ነው ያላቸው። ቧንቧ ለመዘርጋት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለእናቲቱ «ማፍላቱ አይጠቅምሽም፤ ይህን አድርጊ» ለማለት ግን የሚያስፈልገው የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው።