ለጀመዓችን የትኛው ካሜራ ይሻላል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሚዲያ ክፍላችን ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ መሆኑን ታውቃላችሁ። በሹራው ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ለጀማሪ የሚሆን፣ ሌንሱ የሚፈታ ሚረርለስ እንግዛ የሚል ነው። ሁለተኛው ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ኮምፓክት ትበቃናለች ይላል። የአብዛኞቻችን ልብ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል። ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወንድም ሲታይ ሥራው ራሱ ትልቅ ይመስላልና። እኔ ግን አሁን ባለን ገንዘብ ትንሿን እንግዛ ባይ ነኝ።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ገንዘቡ ግን ከኪሳችን የወጣ ነው፤ ነን ካፌ የሆነ ተማሪ ከምሳው ቀንሶ የሰጠው ብር ሳይቀር አለበት። ይህ አማና ነው። አማና ደግሞ ከመውደድ በፊት ሒሳብ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ሥራውን እንቁጠር

በዓመት ውስጥ ካሜራ የሚያስፈልገን የት የት ነው? የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ ሳምንታዊ ደርስ፣ አልፎ አልፎ የሚጋበዝ ኡስታዝ ሙሐደራ፣ የረመዳን ኢፍጣር፣ የዘካተል ፊጥር ክፍፍል፣ ዒድ፣ የተመራቂዎች ሽኝት። ከእነዚህ አብዛኛው ወይ ከመግሪብ በኋላ ነው፣ ወይ አምፖሉ ደካማ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ነው። የምንለጥፈው ቴሌግራም ላይ ነው፤ የሚታየውም በስልክ ስክሪን ነው። ቀን ላይ፣ ውጭ፣ ቆሞ ለሚነሳ ሰው የእጃችን ስልክ ይበቃል። ስለዚህ ካሜራ የምንገዛው ስልክ ለሚያቅተው ሥራ ነው። ስልክን የሚያቅተው ደግሞ በዋናነት የብርሃን እጥረት ነው።

የብርሃን ሒሳብ

ሚረርለስ ማለት መስታወት የሌለው ማለት ነው። በዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይን መመልከቻው የሚመልስ መስታወት አለ። በሚረርለስ እሱ ወጣና ቦዲው ቀጠነ፤ ሌንሱ ግን እንደ በፊቱ ይፈታል፣ ይቀየራል። የኮምፓክት ሌንስ ከቦዲው ጋር የተገጠመ ነው፤ አይፈታም።

ለሚረርለስ የሚከራከሩት ወንድሞች የሴንሰሩን ስፋት ያነሳሉ። እውነታቸውን ነው። ለምሳሌ ካኖን በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር50 ሴንሰሩ 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው። የዚያው ኩባንያ የ2019 ኮምፓክት፣ ጂ7 ኤክስ ማርክ 3፣ “1 ኢንች” የሚባል ሴንሰር አላት። ስሙ ከድሮ የቪዲዮ ቱቦ አለካክ የመጣ ነው እንጂ እውነተኛ ልኩ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው በስፋት 3 እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል።

ግን አላለቀም። ሴንሰር የሚያገኘው ሌንሱ ያሳለፈለትን ብርሃን ብቻ ነው። ከ1000 ዓመት በፊት ኢብኑል ሀይሠም ይህን የቀዳዳ ነገር አጥንቶታል። በግርዶሽ ጊዜ የፀሐይ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የማጭድ ቅርጽ ይሠራል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ ይጠፋል። የሌንስ ጥቅም ቀዳዳው ሰፍቶ ብዙ ብርሃን እየገባ ምስሉ ሳይደበዝዝ እንዲቀር ማድረጉ ነው። ስለዚህ ሁለት ካሜራ ስናወዳድር ቀዳዳቸውንም መለካት አለብን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሌንሱን የትኩረት ርቀት ኤፍ ለሚባለው ቁጥር ማካፈል ነው።

ከአር50 ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ከ18 እስከ 45 ሚሊሜትር ሲሆን ኤፍ ቁጥሩ ከ4.5 እስከ 6.3 ነው። በሰፊው እይታ 18 ለ4.5 ሲካፈል ቀዳዳው 4 ሚሊሜትር ይሆናል። የኮምፓክቷ ሌንስ ከ8.8 ሚሊሜትርና ከኤፍ 1.8 ስለሚጀምር ቀዳዳዋ 4.9 ሚሊሜትር ነው። ሚረርለሱ እስከ መጨረሻው ሲያጎላ 45 ለ6.3፣ ማለትም 7.1 ሚሊሜትር ላይ ይደርሳል። ኮምፓክቷ ያንኑ እይታ ስትይዝ ቀዳዳዋ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሚገባው ብርሃን በቀዳዳው ወርድ ካሬ ስለሚያድግ፣ ትንሿ ካሜራ በመጀመሪያው 1.5 እጥፍ፣ በሁለተኛው ወደ 1.8 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ትሰበስባለች። ትልቁ ሴንሰር ያገኘውን ብልጫ ጠባቡ ሌንስ ወሰደበት ማለት ነው።

የሚረርለስ ጉልበት የሚወጣው ሌንሱ ሲቀየር ነው። ኤፍ 1.8 የሆነ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከተገጠመለት ቀዳዳው ወደ 28 ሚሊሜትር ይሰፋል። ኮምፓክቷ በዚያው እይታ 10.5 ላይ ትቀራለች። ልዩነቱ 7 እጥፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውድድር የለም። ነገር ግን ያ ሌንስ ካርቶኑ ውስጥ አይመጣም። ሲወጡ በአሜሪካ ገበያ የነበራቸውን ዋጋ ብናይ፣ አር50 ከነሌንሱ 800 ዶላር ገደማ፣ ኮምፓክቷ 750 ገደማ፣ የ50 ሚሊሜትሩ ሌንስ ለብቻው 200 ገደማ ነበር። እኛ ጋ ዋጋው ከምንዛሪውና ከነጋዴው ጋር ይለዋወጣል፤ ኮምፓክትም በቅርብ ዓመታት በወጣቶች ዘንድ እንደገና ስለተፈለገች የተወደደችበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ማወዳደር ያለብን 750ን ከ800 ጋር ሳይሆን ከ1000 ጋር ነው። ለሁለተኛው ሌንስ ገንዘብ ሳይኖረን ሚረርለስ ከገዛን፣ በሌሊት ኢፍጣር ላይ ከትንሿ የባሰ ፎቶ የሚያነሳ ትልቅ ካሜራ ገዛን ማለት ነው።

ደርስ የሚደመጥ ነገር ነው

በአንድ ነገር ኮምፓክቷ በእርግጥ ደካማ ናት። አንድን ቪዲዮ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ታቋርጣለች፤ የኡስታዞቻችን ደርስ ደግሞ በ30 ደቂቃ አያልቅም። ግን ደርስ ሲቀረጽ ተመልካቹን የሚያርቀው የምስሉ ጥራት አይደለም፤ ከአዳራሹ ጀርባ የተቀዳው፣ የሚያስተጋባው ድምፅ ነው። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ገዝተን ከስልክ ጋር ብናገናኘውና ስልኩን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ብናስቀምጠው፣ ሙሉ ደርሱ ጥርት ባለ ድምፅ ይቀረጻል። ዳታ ለሌላቸው ደግሞ ድምፁን ለብቻ መላክ ይቻላል። ከካሜራው የሚተርፈው ብር ወደዚህ ቢሄድ ጥቅሙ ለብዙ ሰው ይደርሳል።

ነገ ማን ይይዘዋል?

የሚዲያ ክፍላችን አባላት በየዓመቱ ይመረቃሉ። የሚያውቀው ሲወጣ የማያውቀው ይረከባል። ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ ከአንድ በላይ ዕቃ ነው፤ ቦዲ አለ፣ ሌንስ አለ፣ የሁለቱም ክዳን አለ። አቧራ ባለበት ሜዳ ላይ ሌንስ መቀየር የማያውቅ እጅ ሴንሰሩን ያቆሽሸዋል። ኮምፓክትም ችግር አላት። የሚወጣውና የሚገባው ሌንሷ አሸዋ ከገባበት ሊነክስ ይችላል፤ ጥገናውም ከባድ ነው። ነገር ግን ዕቃው አንድ ነው፤ በአንድ ቦርሳ ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል።

ከሌንሱ ፊት ያለው ሰው

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በዘካተል ፊጥር ቀን ደጃፏ ላይ ቆማ እህል የምትቀበል እናት ፊት ትልቅ ካሜራ ሲደቀን ምን ይሰማታል? “አታንሱኝ” ብትል እርዳታው የሚቀርባት ሊመስላት ይችላል። ስለዚህ ዝም ትላለች፤ እኛም ዝምታዋን ፈቃድ አድርገን እንለጥፋለን። ጎረቤቷም፣ የልጇ የክፍል ጓደኛም ያያታል። እርዳታው የሚያልቀው በሳምንት ነው፤ ፎቶው ግን ይቀራል።

ትንሽ ካሜራ ሰውን ብዙም አታስጨንቅም፤ ጨዋታውም፣ ፈገግታውም እንደነበረ ይቀጥላል። ይሁንና ትንሽነቷ ፈቃድን አይተካም። እንዲያውም ሳይታወቅ ለማንሳት ስለምትመች ከትልቁ ይልቅ ደንብ ያስፈልጋታል። የክፍፍሉን ቀን ለመዘገብ እህሉንና የሚሸከሙትን ወንድሞች ማንሳት ይበቃል፤ የተቀባዩ ፊት አያስፈልግም። በእህቶች በኩል ያለውን ዝግጅት ደግሞ እህቶች ራሳቸው ያንሱ፤ የሚለጠፈውንም እነሱ ይምረጡ። ይህ ደንብ ካሜራው ከመገዛቱ በፊት ተጽፎ ቢቀመጥ ይሻላል።

ለሌላው ወገን ሐቅ እንስጥ

ሚረርለስ የሚገባው ሰው አለ። የምርቃትና የሰርግ ፎቶ እያነሳ ራሱን ለመደጎም ያሰበ ተማሪ ሚረርለስ ይግዛ፤ ሁለተኛውን ሌንስ ሥራው ራሱ ይገዛለታል። ጀመዓችንም ቦዲውን፣ ኤፍ 1.8 ሌንሱንና ማይኩን በአንድ ጊዜ መግዛት ከቻለ፣ ተተኪ ለማሠልጠን ኃላፊነት የሚወስድ ሰውም ከተገኘ፣ ሐሳቤን ለመቀየር ዝግጁ ነኝ። እስከዚያው ግን በግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቀረንን አንግዛ።

ኮምፓክት ከተመረጠ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ኮምፓክት የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ሴንሰራቸው 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የብዙ ዘመናዊ ስልኮች ዋና ሴንሰር ከዚህ ይሰፋል። ያንን ከመግዛት ገንዘቡን ማስቀመጥ ይሻላል። ሴንሰሩ “1 ኢንች” የሆነ፣ የማይክ መሰኪያ ያለው ይሁን። ያገለገለ ከሆነ ዙሙን ደጋግማችሁ አውጡና መልሱ፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንግዳ ድምፅ ካሰማ ተዉት። ከዚያ ኤፍ ቁጥሩን 11 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ አቧራ ገብቷል፤ ኮምፓክትን ደግሞ ከፍታችሁ ልታጸዱት አትችሉም።

በሚቀጥለው ሹራ ሲወሰን፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እያንዳንዳችን አንድ ጥያቄ ለራሳችን እናንሳ፦ ይህን ካሜራ የምንፈልገው ለሥራው ነው ወይስ ለመልኩ? ገንዘቡን ያዋጣው ወንድም ወይም እህት አጠገባችን ተቀምጠው ቢጠይቁን የምንመልሰው መልስ ይኑረን።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ