ግልጽነት የስብሰባ ጌጥ አይሁን



«ግልጽነት» የሚለውን ቃል በየስብሰባው እንሰማዋለን፤ ምን ማለት ነው ብለን ግን እምብዛም አንጠያየቅም። «ገለጸ» እና «ገለጠ» አንድ ዘር ናቸው። የድስት ክዳን ሲነሣ ተገለጠ ይባላል፤ ዛፍ የሌለበት ሜዳም ገላጣ ነው። እንግዲህ ግልጽ ሰው ማለት ያየውን ሳይሸፍን የሚናገር ነው እንጂ አፉ እንዳመጣለት የሚዘልፍ አይደለም። ተሳዳቢ ሰውን ያዋርዳል፤ ግልጽ ሰው ነገሩን ያሳያል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለወሎ ልጆች የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም! በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ደግሞ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ገለጠው። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ።

ያው ደርግ ግን በየስብሰባው «ሂስና ግለሂስ» እያሰኘ በራሱ ዘመን ምን አደረገ? የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ለለጋሽ አገሮች አስቀድሞ ቢያስታውቅም፣ በመስከረም 1977 አሥረኛው የአብዮት በዓል በድምቀት ሲከበር ስለ ረሃቡ ለገዛ ሕዝቡ በግልጽ አልተነገረም። በጥቅምት የኮረም ረሃብተኞች በቢቢሲ ታዩ። ቃሉ ነበረ፤ ሥራው አልነበረም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ የሰው ምስጢር ለመጠበቅ ዝምታ ይበጃል። እነዚያው አባቶች ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ሁለቱን በየቦታቸው ማዋል የእኛ ፋንታ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። መልካም ነው። ዳሩ ግን መሸፋፈን የሚለመደው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ገና ክፍል ውስጥ ነው። አስተማሪው «ገባችሁ?» ሲል ተማሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። በእውነት የገባቸው ስንት ናቸው? ያ ልጅ አድጎ ሹም ሲሆን፣ አለቃው «አዝመራው እንዴት ነው?» ቢለው ያው «ደኅና ነው!» ይላል። ጎተራው ግን ባዶ ነው።

ስለዚህ ነገ በቢስቲማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የወረባቦ ገጠሮች ስንመደብ «አልገባኝም» ያለችውን ልጅ አንቆጣ፤ እናመስግናት። «ገባችሁ?» ማለቱን ትተን «እስቲ በራስሽ አነጋገር አስረጂን» እንበል። የማናውቀውን ስንጠየቅም «አላውቅም፤ ነገ አይቼ እመልሳለሁ» ማለት ክብራችንን አይቀንሰውም። ምን ይሉኝ ይሆን እያለ የሚያድበሰብስ መምህር ሌላ አድበስባሽ ያፈራል። ወሎ ደግሞ የማድበስበስን ዋጋ ሁለት ጊዜ ከፍላለች፤ ይበቃታል።