ማውሱን ማን ይያዝ?

አይሲቲ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለአምስት ተማሪ ሲደርስ «እጥረት ነው» ብለን እናልፋለን። እጥረትስ ነው። ግን ፈጣኑ ልጅ ማውሱን ይዞ አራቱ ከኋላው ቆመው የሚያዩት በእጥረት ብቻ አይደለም።

ኤምአይቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስክራች ነጻ ነው፤ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በአማርኛም አለ። ኮድ አይጻፍበትም፣ ባለቀለም ብሎኮች ይገጣጠማሉ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ድመት ጠርዝ ደርሳ ካልተመለሰች ስህተቱን ከኋላ የቆመውም ያየዋል፣ ይከራከርበታል። መምህሩ በየአሥር ደቂቃው ማውሱን ያዙር፤ የያዘው ልጅ ጓደኞቹ ያሉትን ብቻ ይሥራ። ይህ ምን በጀት ይጠይቃል?

ፈተናው ግን «ራም ምንድን ነው?» እያለ እስከቀጠለ ድረስ፣ መምህሩ ማስታወሻ ወደማስገልበጡ ቢመለስ አልፈርድበትም።