በብላክ ላይት ብር ለሚፈርዱ፦ ምላሽ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ በገንዘብ ተቀባዮች ዘንድ የጸና አንድ ፍርድ አለ፦ ብሩ በሐምራዊው መብራት ሥር ቦግ ካለ ፎርጅድ ነው፤ ካላለ እውነተኛ። አዲሶቹ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ሲሆኑ አስመስሎ ለመሥራት የሚያስቸግሩ መለያዎች እንዳሏቸው ተነግሮ ነበር። ባንኮኒው ላይ ግን መለያዎቹ ተረስተው መብራቷ ብቻዋን ዳኛ ሆናለች።

ፍርዱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በብላክ ላይት ቱቦ ውስጥ እንደ ተራው ፍሎረሰንት ሁሉ የሜርኩሪ ትነት አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት 254 ናኖሜትር የሆነ ጨረር ይወጣል፤ የቱቦውን ውስጠኛ ግድግዳ የለበሰው ዱቄት ይህን ተቀብሎ ከ350 እስከ 370 ናኖሜትር ወዳለው ይለውጠዋል። ጥቁሩ መስታወት ደግሞ የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል። ዓይናችን የሚያየው ሐምራዊ ቀለም ሾልኮ የወጣው ትርፍ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የማናየው ነው። የፎቶኮፒ ወረቀት እንዲነጣ የሚጨመርበት ኬሚካል ይህን ጨረር ውጦ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። የገንዘብ ወረቀት ግን በአብዛኛው ከጥጥ ስለሚሠራና ማንጫው ስለማይገባበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ የሚያበሩት ሆን ተብለው የገቡ ቀለሞችና ቃጫዎች ናቸው። በፎቶኮፒ ወረቀት ያተመ ሰው ወዲያው ይያዛል። እስከዚህ እስማማለሁ።

ችግሩ ያው ማንጫ በልብስ ሳሙናም ውስጥ መኖሩ ነው። በቦሌ ጭፈራ ቤቶች ነጭ ሸሚዝ እንደዚያ የሚያበራው በሌላ ምክንያት አይደለም። በሱሪ ኪስ ተረስቶ በኦሞ የታጠበ መቶ ብርም ማንጫውን ይጠጣና ቦግ ይላል። ባለቤቱ በሰው ፊት ያፍራል፤ ብሩ ግን የባንክ ነው። በአንጻሩ ማንጫ የሌለው ወረቀት ያገኘ ፎርጅድ ሠሪ በመብራቷ ሥር በሰላም ያልፋል። በርካሹ የእጅ ባትሪ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ አብዛኛው 395 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ የራሱ ሐምራዊ ብርሃን ወረቀቱን ሁሉ አልብሶ ደካማውን ምልክት ይሸፍናል።

«አላበራም፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው» የሚለው ስሕተት በሕክምናም አለ። በፈረንጆቹ 1925 የፈረንሳይ ሐኪሞች አንዳንድ የራስ ቆረቆር በዚህ መብራት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚያበራ አሳዩ። በአገራችን በብዛት የሚገኘው የቆረቆር ፈንገስ፣ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም፣ ግን አያበራም። መብራቱ ዝም ያለለት ልጅ ድኗል ማለት አይቻልም።

«ታዲያ በምን እንለይ?» ለሚሉኝ መልሱ ቦሌ ኤርፖርት ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የፓስፖርት ወረቀት በዚህ ጨረር እንዳያበራ ይጠይቃል፤ ግን በዚያ አያበቃም፤ ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ከውስጡ የሚታይ ምልክትም እንዲኖረው ይፈልጋል። አንዱ ቢያታልል ሌላው ይይዛልና።

ስለዚህ ባለ ሱቆች ሆይ፣ መብራቷን አትጣሉ፤ ብቻዋን ግን አታስፈርዷት። ብሩ ቦግ ቢልም ባይልም በጣት ዳሱት፤ ወደ ብርሃን ይዛችሁ በውስጡ ያለውን ምስልና ክሩን እዩ፤ ከእውነተኛ ኖት ጎን አስቀምጡት። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ደንበኛውን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ባንክ ይየው።